ትርፍ ሃርድ ዲስካችሁን አትጣሉት፦ በወር አንዴ መጠባበቂያ የማስቀምጥበት መንገድ

አምና በጥቅምት አንድ አባት ሱቄ መጡ። ከባሶና ወራና ገጠር ነው የመጡት። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከብብታቸው አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ የመሬት ክርክር አቤቱታ ነበር። ግማሹን አይጥ በልቶታል።

«ልጄ፣ ይቺን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ካንቺ ዘንድ ትኖር ይሆን?» አሉኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ ፈለግሁ። የለም። የ2014 ፎልደር ራሱ የለም። መቼ እንደተሰረዘ እንጃ። ቦታ ለማስለቀቅ ስሰርዝ ከሌላው ጋር አብሮ ሄዶ ይሆናል። መሳቢያዬን ከፈትኩና አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አወጣሁ። ሰካሁት። ከአምስት ወር በፊት የገለበጥኩትን ቅጂ ስከፍት አቤቱታው ቁጭ ብሏል። አትሜ ሰጠኋቸው። ቆመው መረቁኝ።

ያ ዲስክ ከሞተ ዴስክቶፕ የወጣ ነው። ብዙ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ዲስክ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ አቧራ ይጠጣል። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን እንዴት አውጥታችሁ ለመጠባበቂያ እንደምታውሉት ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነኝ። አቤቱታ፣ ውል፣ ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። በሥራዬ የሰው ፍላሽ በቀን ሃያ ጊዜ ኮምፒውተሬ ላይ ይሰካል። ከዚህ የመጣውን ጣጣ ሳልነግራችሁ ወደ አሠራሩ ብገባ ለምን እንዲህ እንደምጠነቀቅ አይገባችሁም።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። አንድም ፋይል አልከፈት አለኝ። የፋይሎቹ ስም ጫፍ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። ገንዘብ ካልከፈልሽ አይከፈትም የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በየፎልደሩ ተቀምጧል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ አልደነገጥኩም። መጠባበቂያ አለኛ! ከጀርባ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቀመጥ ዲስክ ነበረኝ። እሱን ስከፍት እሱም እንደዚያው ተቆልፏል። የዘጠኝ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ሄደ። አልከፈልኩም። የከፈለም ፋይሉን መልሶ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ መጠባበቂያ አይደለም። ኮምፒውተሩን ያገኘ ሁሉ እሱንም ያገኘዋል፤ ቫይረሱም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ኃይልም፣ ሌባውም። ከዚያ ወዲህ ዲስኬ በወር አንድ ቀን ብቻ ነው የሚሰካው። ሌላውን ቀን ተነቅሎ ይተኛል። ለዚህ ደግሞ አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ትርፉ ዲስክ ይበቃል።

የትኛው ዲስክ ነው እጃችሁ ላይ ያለው?

ትርፍ ዲስክ ከሁለት ቦታ ይመጣል። ወይ ኮምፒውተሩ ሞቶ ዲስኩ ተርፏል፤ ወይ ላፕቶፑ እንዲፈጥን ኤስኤስዲ (ውስጡ የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሲገባለት የድሮው ወጥቷል። ኤስኤስዲ ስታስገጥሙ የድሮውን ዲስክ ከጠጋኙ ተቀበሉ። ንብረቱ የእናንተ ነው። ፋይላችሁም ውስጡ አለ።

የላፕቶፑ ዲስክ 2.5 ኢንች ነው፤ መዳፍ ላይ ያርፋል። የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች ነው፤ በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል። ዋናው ልዩነት የኃይል ነው። ትንሹ ከዩኤስቢ በሚያገኘው 5 ቮልት ብቻ ይሠራል። ትልቁ በተጨማሪ 12 ቮልት ይፈልጋል። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ለትልቁ ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያስፈልጋል። ገመድ ስትገዙ ሻጩን «የዴስክቶፕ ዲስክ ነው፣ አዳፕተር አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ከገዛችሁ ዲስኩ አይዞርም፤ እናንተ ደግሞ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

የዲስኩን ጀርባ ጫፍ እዩት። ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያዎች ካሉት፣ አንዱ አጭር ሌላው ረጅም፣ ሳታ ይባላል። አጭሩ ለፋይሉ ነው፣ ረጅሙ ለኃይሉ። ይሄ ጥሩ ነው። በሁለት ረድፍ የቆሙ ብዙ መርፌ የሚመስሉ ነገሮች ካሉት ግን አይዲኢ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። ከእሱ ላይ ያለውን ገልብጡና አሳርፉት። በዚያ ዕድሜው አዲስ አደራ አይሰጠውም።

የምትገዙት «ሳታ ወደ ዩኤስቢ» የሚባል ገመድ ወይም ኬዝ ነው። ኬዙ ይሻላል፤ ዲስኩ ራቁቱን አይቀመጥም። መሰኪያው ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው። በዩኤስቢ 2 በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋ ባይት ቢያልፍ ነው። በዩኤስቢ 3 ግን ዲስኩ የራሱን ያህል ይሮጣል፤ ደህና ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ይሰጣል። ዴስክቶፕ ላይ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሰኩ። የፊቱ መሰኪያ በውስጥ ገመድ የሚመጣ ስለሆነ ኃይሉ አንዳንዴ ይደክማል፤ ዲስኩ እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል።

ዲስኩን እዚያው ዴስክቶፑ ሆድ ውስጥ የሚያስገጥሙም አሉ። ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ግን የነገርኳችሁ የ2012 ዓ.ም. ታሪክ እዚያም ይደገማል። እኔ አልመክርም። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የዲስኩን የኃይል ገመድ ነቅላችሁ ተዉት። በወር አንዴ ሰክታችሁ ትገለብጡና መልሳችሁ ትነቅሉታላችሁ።

ጤናውን ሳታዩ አትመኑት

መጀመሪያ በጆሮ። ዲስኩን ስትሰኩት ለስለስ ያለ የመዞር ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ ይረጋጋል። «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» እያለ በእኩል ርቀት የሚመታ ከሆነ፣ ወይም እየተነሳ እየወደቀ ከሆነ፣ ማንበቢያው ታሟል። ውስጡ የምትፈልጉት ነገር ካለ ወዲያው ንቀሉት፤ ደጋግማችሁ አትሞክሩት። በሞከራችሁ ቁጥር የበለጠ ይጎዳል።

ቀጥሎ በዓይን። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች። ጭናችሁ ስትከፍቷት ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ታሳያችኋለች። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ በቃው። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉ። ሦስት መስመር ፈልጉ። አንደኛው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች ቁጥር ነው፤ ተራ ቁጥሩ 05 ነው። ሁለተኛው መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎች ናቸው። ሦስተኛው ጨርሶ ያልተነበቡት ነው። የሦስቱም የመጨረሻ ዓምድ ዜሮ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዜሮ ካልሆኑ እኔ ያን ዲስክ የሰው ሰነድ አላስቀምጥበትም። የመጀመሪያው ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልጨመረ ሁለተኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ብቸኛ ግን አይሆንም።

እዚያው ላይ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጽፋል። የእኔ ሲወጣ 11,000 ሰዓት ገደማ ነበረው። ለዴስክቶፕ ዲስክ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። በወር ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልጨመረም።

ከማጽዳታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ይህን ሳልጠብቅ ነው የተማርኩት። ባዶ ነው ያልኩት ዲስክ ላይ የእህቴ ልጅ የክርስትና ፎቶ ወጣ። ከእኛ ማንም ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እህቴ ስልክ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው።

ማጽዳቱ

ዊንዶውስ ላይ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚባለውን ክፈቱ። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። በስህተት የኮምፒውተራችሁን ዋና ዲስክ ከመረጣችሁ ያለቀ ነገር ነው። የምትለዩት በመጠኑ ነው። 500 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ እዚያ ላይ 465 ሆኖ ነው የሚታየው። አልተሰረቃችሁም፤ አምራቹ ጊጋውን በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። አሁንም ጥርጣሬ ካላችሁ ዝርዝሩን አይታችሁ ዲስኩን ንቀሉት። ከዝርዝሩ የጠፋው እሱ ነው።

ፎርማቱን፣ ማለትም ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበትን ስልት፣ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ማክ ያለው ሰው ቤት ካለ ኤክስፋት ይሁን። ፋት 32 አትምረጡ፤ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የሠርግ ቪዲዮ ሲመጣ ትቸገራላችሁ።

«ኩዊክ ፎርማት» የምትለዋን ምልክት አንሱት። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያድሰው። ሙሉው ግን ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ይጽፍበታል፤ የታመመ ቦታ ካለ ያኔ ይጋለጣል። 500 ጊጋ በዩኤስቢ 3 ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በዩኤስቢ 2 አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ማታ ላይ ጀምሬ ቡና አፍልቼ ጠብቄዋለሁ። ሲያልቅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን መልሳችሁ ክፈቱና ሦስቱን መስመሮች እዩ። ቁጥሩ ካልተነሳ ፈተናውን አልፏል።

ለዲስኩ ስም ስጡት። የእኔ ሁለቱ «መጠባበቂያ ሀ» እና «መጠባበቂያ ለ» ይባላሉ። በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ኬዙ ላይም ለጥፌያለሁ።

ምን ይገልበጥ?

ዊንዶውሱን አትገልብጡ። ፕሮግራሞችንም አትገልብጡ፤ እነሱ እንደገና ይጫናሉ። የሚገለበጠው እናንተ የሠራችሁት ነው። ሰው የሚረሳቸው ቦታዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚታየው ገጽ (ዴስክቶፕ) ላይ የተበተነው፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የቀረው፣ በቴሌግራም የመጣው፣ ስካን ያደረጋችሁት መታወቂያና ካርታ። እነዚህን አንድ በአንድ እያሰባችሁ በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ከዲስኩ ጋር አኑሩት።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ፎንቱ። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. አካባቢ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እኛ በቪዥዋል ግእዝና በመሳሰሉት ነበር የምንጽፈው። እነዚያ የድሮ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ግእዙን የሚያስቀምጡት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱን ስትከፍቱ አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፋይሉ አለ፣ ግን አይነበብም። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአባቷን የድሮ ጽሑፍ በፍላሽ አምጥታ እንዲህ ሆኖብን ነበር። ያዳናት ያው የድሮው ፎንት ዲስኬ ላይ መኖሩ ነው። ፎንቱን ጫንኩት፣ ጽሑፉ ዓይኗ እያየ አማርኛ ሆነ። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ስለዚህ «ፎንቶች» የሚል ፎልደር አብጁ። የምትጠቀሙባቸውን የድሮም የአዲስም ፎንቶች፣ የመጫኛ ፋይሎቹንም ጭምር እዚያ አኑሩ። በጣም የምትሳሱላቸውን ሰነዶች ደግሞ በፒዲኤፍም አስቀምጡ። ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ፎንቱን አቅፎ ነው የሚጓዘው።

አገላበጡ

የእኔ ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ 14 ጊጋ ነው። 465 ጊጋ ላይ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይገባል። ስለዚህ በየወሩ አዲስ ፎልደር እከፍትና ሁሉንም እንዳለ እገለብጣለሁ። የባለፈውን ወር አልነካውም። የፎልደሩ ስም ቀኑ ነው፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ፤ እንዲህ፦ 2017-03-20። እንዲህ ሲጻፍ በራሱ በተራ ይሰለፋል። የእኛን አቆጣጠር ነው የምጠቀመው፣ ደንበኛ የሚጠይቀኝ በእሱ ስለሆነ። ኮምፒውተሩ በፈረንጁ እንደሚቆጥር ግን አልረሳም። ሁለት ዓመት ያለፈውን ፎልደር እሰርዛለሁ።

ያ አባት አቤቱታቸውን ያገኙት በዚህ ነው። መጠባበቂያው የዛሬውን ኮምፒውተር ብቻ የሚመስል ቢሆን ኖሮ፣ ከኮምፒውተሬ የጠፋው ከዲስኩም ይጠፋ ነበር።

ፎቶና ቪዲዮ ግን በየወሩ ሙሉውን መገልበጥ አይቻልም፤ ቦታ ይጨርሳል። ለእነሱ ፍሪ ፋይል ሲንክ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። በግራ ኮምፒውተሩን፣ በቀኝ ዲስኩን ትሰጧታላችሁ፤ አዲሱንና የተቀየረውን ብቻ ትወስዳለች። «ሚረር» የሚለውን ከመረጣችሁ ከኮምፒውተሩ የሰረዛችሁትን ከዲስኩም ታጠፋለች። «አፕዴት» የሚለው ግን የተሰረዘውን ዲስኩ ላይ ይተወዋል። ለመጠባበቂያ ሁለተኛውን ነው የምወደው።

ከመሰካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ፈትሹ። ፋይሎቻችሁ መከፈታቸውን እዩ። እኔ ያን ቀን የደንበኛ ፍላሽ አልቀበልም፤ ኢንተርኔቱንም እነቅላለሁ።

መብራት ጉዳይ ነው። ግልበጣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ የዴስክቶፕ ዲስክ በአንዴ ይቆማል፤ የሚጻፈው ፋይል ይበላሻል፣ አንዳንዴም ማውጫው አብሮ ይታመማል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ካላችሁ ኮምፒውተሩንም የዲስኩን አዳፕተርም እዚያው ላይ ሰኩ፤ አንዱን ብቻ መሰካት አይበቃም። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ትንሹን ዲስክ ከላፕቶፕ ጋር ተጠቀሙ። ባትሪው ይሸከመዋል። ሞልታችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ ታዲያ።

ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውም ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂም ላይ በቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉና የፋይል ብዛቱን አስተያዩ። እኩል ሊሆን ይገባል፤ በ«አፕዴት» የተገለበጠው ግን የተሰረዘውንም ስለሚይዝ ዲስኩ ላይ ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ አምስት ፋይል በዘፈቀደ ክፈቱ፤ አንድ የድሮ፣ አንድ የትናንት፣ አንድ ፎቶ። ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ውረዱ። ስም ዝርዝሩ አለ ማለት ውስጡ አለ ማለት አይደለም።

ከዚያ ከታች በስተቀኝ ካለችው የዩኤስቢ ምልክት አስወጡት። «አሁን መንቀል ይቻላል» ሲላችሁ ንቀሉና ዲስኩ መዞሩን እስኪያቆም ጠረጴዛው ላይ ተዉት። እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሰሃን አለ። ማንበቢያው ከሰሃኑ ላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ይንሳፈፋል። እየዞረ ብታነሱት፣ ብትጥሉትማ፣ ሰሃኑን ይቧጭረዋል።

የእኛ አገር ብርድና ከፍታ

ይህ ክፍል የሰሜን ሸዋ ሰው ብቻ የሚያነበው ይመስለኛል፤ ግን ይጠቅማል። ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየር ሲሳሳ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ብዙ ዲስኮች እየሠሩ የሚፈቀድላቸው ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ 10,000 ጫማ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ገደቡ ውስጥ ነን፣ ግን ለጥቂት ነው። መንዝ ጓሳ ግን ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ለምትኖሩ የምመክረው ኤስኤስዲ ነው። እሱ የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም። ሲቀመጥ ግን አልፎ አልፎ መሰካት አለበት፤ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት ከተኛ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። በዚህ በኩል የሚዞረው ዲስክ ተነቅሎ መተኛትን የተሻለ ይችላል። ያልተሰካ ዲስክን ተሸክሞ ከፍታ ላይ ማለፍ ደግሞ ምንም ችግር የለውም። ጣርማ በርን አቋርጣችሁ ደብረ ሲና ብትወስዱት አይጎዳም።

ሌላው ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ዲስክ በረዶ ይሆናል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት የመጣ ሰው ትንፋሹ መስተዋት ላይ እንደሚረጥበው፣ ቀዝቃዛ ዲስክ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። ከነመጠቅለያው አስገቡትና ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትሰኩት ተዉት። የክፍሉን ሙቀት ሲለምድ ብቻ ሰኩት።

በባናም አትጠቅልሉት። ሱፍ በደረቁ ወቅት ሲፋተግ ብልጭ የሚል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ማታ ብርድ ልብስ ስትገፉ የምትሰሙት «ጠሽ ጠሽ» እሱ ነው። ያ ብልጭታ ራቁቱን ያለ የዲስክ ሰሌዳን ይገድላል። ዲስኩ በኬዙ ይሁን፤ ኬዝ ከሌለው ዲስክ ሲሸጥ በሚመጣበት ብርማ ፕላስቲክ ይጠቅለል። ከዚያ በላይ ባና ብትጨምሩበት ግድ የለም። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አትጣሏት፤ ከዲስኩ ጋር አኑሯት።

የት ይቀመጥ?

እናቴ ጫጫ ነው የምትኖረው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበር አላት። እኔም አልቀርም። ስለዚህ ግልበጣዬን በ20 ማታ፣ በዋዜማው አደርገዋለሁ። በነጋታው ዲስኩን በቦርሳዬ ይዤ እሄዳለሁ። እሷ ዘንድ ያለውን ሌላውን ዲስክ ተቀብዬ እመለሳለሁ። «ሀ» ሲሄድ «ለ» ይመጣል። ሱቁ ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ፣ አንዱ ዲስክ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ሣጥን ውስጥ ነው።

ቀን መቁረጥ ከሁሉ ይበልጣል። «ጊዜ ሳገኝ» ያልኩበት ዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የገለበጥኩት። በ20 ካልኩ ወዲህ አምልጦኝ አያውቅም። እናንተም የማትረሱትን ቀን ፈልጉ። በ12 ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሙ ከሆነ 11 ማታ ይሁን። የዕቁብ ቀንም ይሆናል፣ የደሞዝም።

ዲስኩ ከቤት ከወጣ መቆለፍ አለበት። የእኔ ላይ የሰው ፍቺ አለ፣ የውርስ ክርክር አለ። አደራ ነው። ዊንዶውሳችሁ ፕሮ የሚባለው ከሆነ ቢትሎከር የሚባል የዲስክ መቆለፊያ አብሮት አለ። ዲስኩ ላይ በቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ ታበሩታላችሁ። ከሌለ ቬራክሪፕት በነፃ ይገኛል። ቢትሎከር 48 አሃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር ይሰጣችኋል። እሱን በወረቀት ጻፉት። ወረቀቱ ግን ከዲስኩ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይሁን። የይለፍ ቃሉንም ቁጥሩንም ከጣላችሁ ማንም አይከፍተውም፣ እናንተም ጭምር።

በጳጉሜን የሱቄ ሥራ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ዋናውን ፈተና አደርጋለሁ። የእህቴን ላፕቶፕ ተውሼ፣ ከዲስኩ ላይ አንዱን ወር እንዳለ ወደዚያ እመልሳለሁ። የእኔ ኮምፒውተር ዛሬ ቢሞት ሥራ መጀመር እችላለሁ ወይ? ፎንቱ አለ? ይለፍ ቃሉን አስታውሳለሁ? አምና አንድ የጎደለ ነገር አገኘሁ፤ ስካን የማደርግበት ፎልደር ከዝርዝሬ ውጭ ነበር። ጨመርኩት። ሁለቱንም ዲስኮች በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ አይቼ ሦስቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ካምና ከፍ ካለ ሌላ ዲስክ መፈለግ እጀምራለሁ።

ጊዜው ያለፈበትን ዲስክ ለቆራሌው እንዲሁ አትስጡ። የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የሚሠራ ከሆነ አንዴ በሙሉ ፎርማት አጽዱት። የማይሠራ ከሆነ ክፈቱት። የኮከብ ራስ ያላቸው ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ሞባይል ጠጋኞች መፍቻው አላቸው። ሰሃኖቹን በምስማር ቧጭሩና በመዶሻ አጉብጡ። የላፕቶፕ ዲስክ ሰሃን ብዙ ጊዜ መስተዋት ስለሆነ ይፈነጠራል፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ነው የምትመቱት፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ውስጡ ሁለት ኃይለኛ ማግኔቶች ታገኛላችሁ። የእኔዎቹ የሱቄ ብረት በር ላይ ናቸው፤ በየወሩ በ20 ምን ምን እንደሚገለበጥ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዘውልኛል።